የሥራ ውሎና የአእምሮ ጤና፤ ከጎጃም ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከደብረ ማርቆስ፣ ከሰከላ፣ ከእንጅባራ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቢቸና የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቹ በሥራም በዕድሜም የተለያዩ ቢሆኑም አብዛኞቹ ችግሩን የጠባይ ድክመት አድርገው ነው የጻፉልን፤ አንዱ «ወኔዬን አጣሁ» ይላል፣ ሌላዋ «ሰነፍኩ» ትላለች። እኛ ደግሞ ወደ ጠባይ ከመሄዳችን በፊት የሥራው አያያዝ፣ እንቅልፉ፣ ዕረፍቱና የሰውነት ምርመራው መታየት አለባቸው ባዮች ነን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚገልጽ ነገርም አውጥተናል። መልሶቹ ሐኪም ፊት ቀርቦ መመርመርን አይተኩም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 34 ነው፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ባንክ በገንዘብ ከፋይነት እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት የገንዘብ ጉድለት ተገኝቶብኝ ከደመወዜ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ አንዴ ከነቃሁም የዕለቱን ሒሳብ በልቤ ስደምርና ስቀንስ ይነጋል። ቀን ቀን ልቤ ትር ትር ይላል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬም ይነሣብኛል። የልብ፣ የሆድና የደም ምርመራ አድርጌ «ምንም የለብህም» ተብያለሁ። አባቴ «ወንድ ልጅ ሁሉን ይችላል» ይለኛል፤ እኔ ግን ወኔዬን አጣሁ። ዓመት ፈቃድ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ፈቃዱ ቀርቶብኝ በገንዘብ ቢለወጥልኝ ይሻላል ብዬም አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ምርመራው ያረጋገጠው ልብዎና ሆድዎ ጉዳት እንዳልደረሰባቸው ነው፤ ይህ በራሱ ደስ ሊያሰኝዎ ይገባል። የልብ ትርታውና የራስ ማቃጠሉ ግን በምናብ የተፈጠሩ ነገሮች አይደሉም። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቅቃል፤ በዚህ ጊዜ ልብ ይፈጥናል፣ የአንገትና የራስ ቅል ጡንቻዎች ይወጠራሉ፣ የምግብ መፈጨቱም ይስተጓጎላል። ይህ ዝግጅት ጅብ ለገጠመው መንገደኛ ይጠቅማል፤ ጅቡ ሲርቅም ሰውነት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የእርስዎ ሥጋት ግን ነገም ከነገ ወዲያም መስኮቱ ላይ የሚጠብቅዎ ገንዘብ ስለሆነ፣ ሰውነትዎ ዝግጅቱን የሚያቆምበት ሰዓት አላገኘም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መንቃትዎም ምክንያት አለው። በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ኮርቲዞልም ንጋት ሲቃረብ መጨመር ይጀምራል፤ የተጨነቀ ሰው በቀላሉ የሚባንነው በዚያ ሰዓት ነው።

አባትዎ የነገሩዎ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ መቻል ዝም ከማለት ጋር አንድ ሆኖ በመቆየቱ፣ ስንቱ ሰው ጭንቀቱን የጨጓራ፣ የራስ ምታት ወይም የወገብ ሕመም አድርጎ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይዞራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉትም እነዚያው አባቶች ናቸውና፣ አባትዎን በዚህ በኩል ቢያናግሯቸው ሳይረዱዎት አይቀሩም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ፤ እኛ የምንጀምረው መስኮቱ ከሚዘጋበት ሰዓት ነው። ባለጉዳይ ካለቀ በኋላ ባለ 200፣ ባለ 100፣ ባለ 50 እና ባለ 10 ብሩን ለየብቻ ሲቆጥሩ ሰው አያናግሩ፤ ስልክዎም መሳቢያ ውስጥ ይሁን። ከዋናው ገንዘብ ያዥ ጋር ተመሳክሮ ከተፈረመ በኋላ በግል ማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ቀኑንና «ተመሳክሮ ተዘግቷል» የሚለውን ብቻ ይጻፉ። ቁጥሩ የባንኩ ነው፤ ወደ ቤት መሄድ የለበትም። ሌሊት ሒሳቡ ሲመጣብዎ እንደ አዲስ አይደምሩት፤ የተዘጋ መሆኑ መጻፉን ያስታውሱ። ማስታወሻውን ለማየት ግን ከመኝታዎ አይነሡ፤ አንድ ጊዜ ማየት ከተለመደ ሁለት ጊዜ ማየት ይከተላልና። ለቀሩት ሐሳቦች ማታ ከራት በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይመድቡላቸው፤ ያሳሰበዎትን ነገርና ነገ ሊያደርጉበት የሚችሉትን አንድ እርምጃ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። «አትጨነቅ» የሚለውን ምክር ለማንም አንሰጥም፤ ተጨንቆ የማያውቅ ሰው የፈጠረው ምክር ይመስለናል።

እንቅልፍን በሚመለከት ከሁሉም የሚበልጠው ሥርዓት የመነሻ ሰዓትን አለመለወጥ ነው። ሌሊቱን ምንም ያህል ቢቸገሩ፣ ቀኑ እሑድም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ይነሡ። አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ነቅተው ከቆዩ ተነሥተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጡ፤ እንቅልፍዎ ሲመጣ ይመለሱ። ሰዓት ማየትና ስልክ መክፈት ግን ክልክል ነው። ቡናንም መመልከት ያስፈልጋል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የካፌይን መጠን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከሥራ ወጥተው 11 ሰዓት ላይ ከጠጡት ቡና ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ አብሮዎት ይቆያል። ከአቦል እስከ በረካ ከተቀመጡ ደግሞ ብዛቱን ራስዎ ይገምቱት። ቡናው ላይ ከጎረቤት ጋር መቀመጡን አይተዉ፤ ሲኒውን ይተዉ።

ስለ ዓመት ፈቃዱ የጻፉት ነገር አሳስቦናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ሠራተኛው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመርለታል። ፈቃዱ ሊራዘም ቢችልም ከሁለት ዓመት በላይ አይራዘምም፤ የሥራ ውሉ ሳይቋረጥ በፈቃዱ ምትክ ገንዘብ መክፈልም የተከለከለ ነው። ሕጉ እንዲህ የሆነው ሠራተኛው በችግር ጊዜ ዕረፍቱን እንደሚሸጥ ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ የፈቃድ ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ፈቃዱን ወላጆችዎ ዘንድ ሄደው በኅዳር አጨዳ ላይ ቢያሳልፉትም አንቃወምም፤ አካል የሚደክምበት ሥራ ከቁጥር ያሳርፋል። የምንቃወመው ፈቃድ ላይ ሆኖ ስልክ እያነሡ ስለ ካዝና መነጋገርን ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ካላዩ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይቅረቡ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጭንቀት ከባለሙያ ጋር በቀጠሮ መነጋገር አንዱ ሕክምና ነው፤ መድኃኒት ከታዘዘም ጥቅሙ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው እንዳይተዉት። ሰው በመከረዎ ብቻ ዲያዜፓም ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይዋጡ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ እርሱ መተኛት እስከ መቸገር ያደርሳል። አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎም ለሌሎች አንባቢዎችም በግልጽ እንናገር፦ መኖር ከንቱ ነው የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም የቤተሰብ አባል እንዲህ ሲል ከተሰማ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ሰውየውም ብቻውን አይደር። በቤት ውስጥ ያለው የአረምና የተባይ መድኃኒት ወዲያውኑ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ዘንድ ይቆለፍበት። እንዲህ ያለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው ለአጭር ጊዜ ነው፤ በዚያች ሰዓት መርዙ በእጅ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

ጥያቄ፦ በሰከላ ወረዳ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ 29 ዓመቴ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ከ70 በላይ ተማሪ አስተምራለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ አሥር ሰዓት ተኝቼም ድካሜ አይለቀኝም፤ ባልደረቦቼ ሹራብ ሲያወልቁ እኔ ጋቢ እደርባለሁ፤ የምበላው ሳይጨምር ክብደቴ ጨመረ፣ ጸጉሬም ይረግፋል። ደብተር ማረም እንደ ተራራ ከብዶኛል። «ሰነፈች» መባሌን ሰምቻለሁ፤ እኔም ሰነፍኩ መሰለኝ። በሥራ መሰላቸት ይህን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ስለ ሥራው ከመነጋገራችን በፊት ደምዎ ይመርመር። የዘረዘሯቸው ምልክቶች፣ በተለይም ብርዱ፣ ክብደቱና የጸጉሩ መርገፍ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስ የሚታዩ ናቸው። የጎጃም ደጋ የአዮዲን እጥረት ለረጅም ጊዜ ከታየባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናብና ጎርፍ ከተራራው ላይ አፈር ሲያጥቡ አዮዲኑም አብሮ ይታጠባል፤ በእናቶቻችን አንገት ላይ የምናየው እንቅርትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ታይሮይዱ ሲዳከም ሰውነት ብቻ ሳይሆን ስሜትም አብሮ ይደክማል፤ ሰውዬው ያዝናል፣ ይረሳል፣ ነገር ሁሉ ይከብደዋል። የደም ማነስም፣ በተለይ የወር አበባ ሲበዛ፣ ተመሳሳይ ድካም ያመጣል። በዚህ ምክንያት የሄሞግሎቢንና ቲኤስኤች የተባለው የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዙልዎ ይጠይቁ። ሁለተኛው በጤና ጣቢያ ላይገኝ ስለሚችል፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል እንዲልክዎ የሪፈር ወረቀት ያጽፉ።

የታይሮይድ ማነስ ከተገኘ ሌቮታይሮክሲን የሚባል እንክብል ይታዘዛል። ጧት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ተውጦ ቁርስም ቡናም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቆያሉ፤ ከቡና ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ምርመራው ምንም ይሁን ምን አዮዲን ያለበትን ጨው ይጠቀሙ፤ ሲጠቀሙም ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨምሩት። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም ማፍላት ይጠፋል፤ ምድጃ ዳር ክፍት የተቀመጠ ጨው ብዙም አይጠቅምም።

ምርመራው ደኅና ከሆነ ሁለት ነገሮችን መለየት ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ በአግባቡ ካልተያዘ ረጅም የሥራ ጫና የሚመጣ መታከት ተካቷል፤ ይሁንና ድርጅቱ በሽታ አላለውም፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ለሥራው ልብ መሻከርና መራቅ፣ እንዲሁም «የማደርገው ሁሉ ፋይዳ የለውም» የሚል ስሜት። በሥራ የታከተ ሰው በአብዛኛው ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ መንፈሱ ይመለሳል፤ ሠርግ ሲጠራ ደስ ይለዋል፣ ከእኅቱ ጋር ሲጫወት ይስቃል። የድባቴ ሕመም ግን ሠርጉንም ክረምቱንም ያደበዝዛል፤ ምግብና እንቅልፍን ይነካል፣ ከሁለት ሳምንት በላይም በየቀኑ ማለት ይቻላል ይቆያል። እርስዎ ያለፈውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፉ ያስታውሱ፤ በዚያም ጊዜ ካልቀለለዎት ምርመራው ላይ ይህንኑ ይናገሩ።

የሥራ መታከት ከሆነ መፍትሔው በከፊል የእርስዎ፣ በከፊል ደግሞ የትምህርት ቤቱ ነው። የ70 ልጅ ደብተር በየቀኑ ማረም ለማንም መምህር የሚቻል አይደለም። በየዕለቱ አንድ የወንበር ረድፍ ብቻ ሰብስበው ይረሙ፤ የቀሩት መልሱ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ የጎረቤታቸውን ይረሙ። በሳምንት ውስጥ የሁሉም ደብተር ዓይንዎ ሥር ያልፋል፣ ማታዎ ግን የእርስዎ ይሆናል። ይህን ለርእሰ መምህሩ አስቀድመው ያስረዱ፤ «ደከመኝ» ከማለት ይልቅ «በዚህ መንገድ ላርም» ተብሎ ሲቀርብ ጥያቄው ተቀባይነት ያገኛል። «ሰነፈች» ላሉት ደግሞ መልስ መስጠት ያለብዎ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እውላለሁ። ጂም ለመግባት ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም። በሳምንት ምን ያህል ስፖርት ይበቃኛል?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። መካከለኛ ማለት እየሄዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ ይበቃል፤ ደቂቃዎቹ ተከፋፍለው ቢገኙም ይቆጠራሉ። እሑድ ከጓደኛ ጋር እስከ ዘንገና ሐይቅ የሚደረግ ጉዞ ብቻውን የሳምንቱን ብዙ ድርሻ ይሸፍናል። ገበያ ደርሶ የሚመለስ የአዊ ገበሬ ይህን ጥያቄ ቢሰማ እንደሚስቅብን እናውቃለን። የእንጅባራ ክረምት ረጅም ስለሆነ ግን ከሰኔ በፊት ጥሩ ጃንጥላ ይግዙ፤ ብዙ ሰው መራመድ የሚያቆመው በዝናብ ምክንያት ነው፣ ከቆመ በኋላም በመስከረም አይጀምረውም።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስደው ጫት ይቅማል፤ ሲመለስ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ስለሚለው አረቄ ይጠጣል። በፊት ማታ ብቻ ነበር፤ አሁን ጧት ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ መለኪያ ሲጠጣ ይተወዋል። ስናገረው ይቆጣል። የፆም ወቅት ሲገባ በአንድ ቀን አቁም ብዬ ላስምለው ነው። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ እባክዎ አያስምሉት። ጧት እጁ የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ሲጠጣ የሚረጋጋ ሰው ሰውነቱ ከአልኮል ጋር ተላምዷል፤ በድንገት ሲያቆም ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፣ ይህም ለሞት እስከ ማድረስ የሚሄድ አደጋ ነው። ማቆሙ በሆስፒታል ክትትል ይሁን፤ እዚያ መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ 1 ይሰጠዋል። ብዙ ቤተሰብ «በወኔ ያቆማል» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማየቱ ይጠቅማል። ከደጀን ወርዶ የዓባይን ሸለቆ በጭነት መኪና ማቋረጥ፣ ከዚያም ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ለአፍታም ዓይን የሚከደንበት ሥራ አይደለም፤ ባለቤትዎ የቃሙት ለጨዋታ አይደለም። ጫት ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም፤ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይመጣል። አረቄው በቶሎ ያስተኛል፣ ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ ክፍል ይረብሸዋል፤ በማግሥቱም ድካሙ ስለሚብስ ጫቱ ይጨምራል። ቤት የሚወጣ አረቄ ጥንካሬው በየጓዳው ይለያያል፤ ዳግም አረቄ ከሆነ መለኪያው ያው ቢሆንም የሚጠጣው አልኮል ብዙ ነው። ስለዚህ አረቄውን ብቻ አስተዉተው ጫቱንና የእንቅልፍ እጦቱን ከተዉት ዙሩ እንደገና ይጀምራል። ከባለመኪናው ጋር ተነጋግረው መንገዱን በሁለት ቀን የሚከፍሉበትን፣ ወይም ረዳቱ መንጃ ፈቃድ ካለው የሚፈራረቁበትን መንገድ መፈለግ ከሕክምናው እኩል ያስፈልጋል።

ሲያነጋግሩት ሳይጠጣ፣ ዘመድም ልጅም በሌለበት፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩት፤ «እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ፈራሁ፤ አብረን ሐኪም እንይ» ማለት ይበቃል። ሽማግሌ መጥራት የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይሁን፤ በሰው ፊት የተነገረው ሰው የሚከላከለው ክብሩን ነው። እርስዎንም የሚያዳምጥ አንድ ሰው ይኑርዎ፤ የንስሐ አባትም፣ እኅትም፣ የምታምኗት ጎረቤትም ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ ቢቸና በአንድ የግል ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራዬን በሚገባ እሠራለሁ። አሁን ቤተሰቤ ጸበል እንድገባ፣ በዚያም ጊዜ መድኃኒቱን እንድተው ይፈልጋሉ፤ ባለፈው ጊዜ አጎቴ ትቶ ድኗል ይላሉ። እኔም ጸበሉን እፈልገዋለሁ። ድጋሚ ቢያመኝ ድርጅቱ ያሰናብተኛል ብዬ ደግሞ እፈራለሁ።

መልስ፦ ጸበሉን ይግቡ፣ መድኃኒቱንም ይዋጡ። ሁለቱን የሚያጣላ ነገር የለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን እንዲህ ባለ ጥያቄ ሲቸገሩ፣ በጊዜው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ተናግረው ነበር። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ቢያነጋግሩና ቤተሰብዎ በተሰበሰቡበት ይህንኑ ቢነግሩልዎት፣ እኛ ከምንጽፈው ሁሉ ይልቅ ይሰማል።

አጎትዎን በሚመለከት፣ ድኖ ከሆነ ደስ ይለናል። ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። የአእምሮ መድኃኒት ሲቋረጥ ሕመሙ በማግሥቱ አይመለስም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ድብታው ስለሚቀንስ ሰውዬው የተሻለው ይመስላል፤ ቤተሰቡም መድኃኒቱን በመተው እንደዳነ ያምናል። ሕመሙ ሲመለስ ደግሞ ከጸበሉ ቤት ከወጣ ስለቆየ ማንም ከመቋረጡ ጋር አያያይዘውም፤ ጥፋቱ በሰው ዓይን ወይም በሌላ ነገር ይሳበባል። ስለዚህ ወደ ጸበል ከመሄድዎ በፊት ለሚቆዩበት ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ከሐኪም ቤት ይውሰዱ፤ ሌላ ሰው እንዳይጥልብዎም በራስዎ እጅ ይያዙት።

ፆሙን በተመለከተ የመዋጫው ሰዓት ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ የሚከታተልዎትን ባለሙያ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ይቻላቸዋል። ሊቲየም የሚወስዱ ከሆነ ግን ውኃ ሳይጠጡ መዋል መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲጠራቀም ያደርጋልና፣ ይህን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩት።

ስለ ሥራዎ የሚፈሩት ነገር ያን ያህል መሆን የለበትም። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ባልሆነ ሕመም መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ፈቃዱ በ12 ወራት ውስጥ በአንድ ጊዜም ይሁን በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ በጠቅላላው ከ6 ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሕጉ የአእምሮ ሕመምን ከሌላው ሕመም አይለይም። ከእርስዎ የሚጠበቀው ከሥራ በቀሩ ማግሥት ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ነው። በሕመሙ ብርታት ራስዎ ማሳወቅ ላይችሉ ስለሚችሉ፣ ይህን የሚያደርግልዎ አንድ የቤተሰብ ሰው አሁን ጤነኛ ሳሉ ይምረጡ፤ የድርጅቱን ስልክ ቁጥር፣ የሕክምና ካርድዎን ቁጥርና የሚወስዱትን መድኃኒት ስም በአንድ ወረቀት ጽፈው ይስጡት። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱን መጠንና የመጨረሻውን የቀጠሮ ቀን መጨመርዎን አይርሱ፤ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።